ልጄን ወደፊት አስገቢልኝ

ተስፋ በሥልጠና ይሰጣል ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። መቀሌ ውስጥ ግን ተሰጠ፤ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከሻይና ከብስኩት ጋር። አዳራሹ ግድግዳ ላይ «ከተማችን ከሠላሳ ዓመት በኋላ» የሚል ትልቅ ወረቀት ተሰቅሏል። ባለቀለም ቁርጥራጭ ወረቀት አደሉንና የወደፊቱን እየጻፋችሁ ለጥፉ ተባልን። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ብዙ ካሰበ በኋላ «ውሃ» ብሎ ጻፈና ለጠፈ። እኔ ባዶውን ለጠፍሁ። አሠልጣኙ አየና መጥቶ «መምህርት፣ በነፃነት አስቢ እንጂ» አለኝ። «በነፃነት ሳስብ ነው ባዶ የሆነብኝ» አልሁት። ሳይስቅ ወደ ሌላ ሰው አለፈ።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። በትዳር መቀሌ መጣሁ፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ ከተማዋ ቀረችልኝ። አማርኛ አስተምር ነበር። አሁንም መምህርት እባላለሁ፣ ግን ከጦርነቱ ወዲህ የእኔን ክፍለ ጊዜ የሚናፍቅ ተማሪ የለም፤ አልፈርድባቸውም። ዘመዶቼ «ያኔ ለምን አልወጣሽም?» ይሉኛል። መንገዱ ክፍት ሳለ የመውጣት ሐሳብ አልነበረኝም፣ ሐሳቡ ሲመጣ መንገዱ ተዘግቷል። ሌላ ጀግንነት የለበትም።

ከዚያ አዳራሽ ግን አንድ ነገር ወጣ። ከሠልጣኞቹ መካከል ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ይቀዳ የነበረ ሰው ነበር። ከጦርነቱ የአየር ድብደባ ወዲህ ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ስታነጋግሩት ቀኙን ያዞርላችኋል። በሻይ ሰዓት መጥቶ «ያንቺ ባዶ ወረቀት ደስ አለኝ» አለኝ። ከዚያ ሐሳቡን ነገረኝ። ስልክና መብራት በጠፋባቸው ዓመታት ሰው ሁሉ ድምፁን በሚሞሪ ካርድ ቀድቶ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር። «ደህና ነኝ፣ ከብቶቹ አልቀዋል፣ እናታችሁ ትስማችኋለች» የሚል ድምፅ ከተንቤን መቀሌ በኪስ ይመጣል፤ መንደሩ ተሰብስቦ አንድ ስልክ ከቦ ያዳምጣል። «ያ ልማድ አልጠፋም» አለኝ። «ያን ጊዜ ከሩቅ ቦታ ነበር ድምፅ የሚመጣው። አሁን ደግሞ ከሩቅ ዘመን እናምጣላቸው። አንቺ ጻፊ፣ እኔ እቀዳለሁ።»

ሦስተኛዋ ሰው የአከራዬ ልጅ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ አምስት ነው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። እኔ በትግርኛ እሰማለሁ፣ እገበያያለሁ፣ እጣላለሁ፣ መጻፍ ግን አልችልም። ስለዚህ በአማርኛ ስልኬ ላይ እጽፍና እሰጣታለሁ። ዓይኗ አማርኛውን እያነበበ አፏ ትግርኛ ያወጣል፣ አንዲት ቃል ሳታደናቅፋት። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ቅናትም ነካ አድርጎኛል።

የምንቀዳው እኔ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ። ከግቢያችን ፊት ለፊት የብረት በር የሚሠራ ወርክሾፕ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥ ይውላል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ጠብቀን፣ ፍራሹን መስኮቱ ላይ አስደግፈን፣ ጋቢና ብርድ ልብስ በገመድ ላይ ሰቅለን፣ አንባቢዋን እዚያ ውስጥ እናስገባታለን። ስትወጣ በላብ ተጠምቃ ነው። «የወደፊቱ ይሞቃል» ትላለች።

የመጀመሪያው ሥራችን ገና ያልተሠራ ባቡር አስተናጋጅ ነበረች። ከመቀሌ አጠገብ ካለችው ከቁሓ ጣቢያ ተነስታ፣ የምናውቃቸውን ቦታዎች እየጠራች፣ ለተሳፋሪዎች ትናገራለች። አሥር ደቂቃ ነው። ይዘነው የሄድነው ተፈናቃዮች ወደሚኖሩበት ትምህርት ቤት ነበር። አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ስንትና ስንት ቤተሰብ በመጋረጃ ተከፋፍሎ ይኖራል። ድምፁ ሲያልቅ ማንም ስለ ባቡሩ አልጠየቀም። አንድ ሽማግሌ ብቻ እጃቸውን አነሱ፦ «በዚያ ጊዜ እኛ ከዚህ ክፍል ወጥተናል?»

አላሰብንበትም ነበር። ድምፅ ቀጂው ቶሎ ብሎ «ወጥታችኋል አቦይ» አላቸው። «መቼ?» አሉ። እሱ የስፒከሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። እኔ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ሽማግሌው እኛን ላለማሳፈር ይመስለኛል፣ «ጥሩ ነው፣ ባቡሩ ጥሩ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ አንድ አሠራር አመጣን። ከመጻፌ በፊት ከአድማጮች መካከል አንድ ሰው እንጠይቃለን፦ ወደዚያ ዘመን ማንን ወይም ምንን እናስገባልዎ? ሰዎች ወዲያው ገባቸው። አንዲት ሴት በሬያቸውን በስሙ ጠርተው አስገቡት አሉን። እንዳ ኢየሱስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የሚማር አንድ ልጅ «ግቢው ተዘግቶ የባከኑብኝን ዓመታት አስገቡልኝ» አለ፤ እንዴት አድርገን እንደምናስገባ ሦስት ቀን ተከራከርን። ነገሩ «አስገቡልኝ» ተባለ። ገበያ ላይ ሳይቀር «እናንተ አስገቡልኝ ናችሁ?» የሚሉን ነበሩ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ አላምንበትም ነበር። ልብስ ሰፊ የሰፋውን ሁሉ ይለብሳል እንዴ? መጻፍ እችላለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ሰው ሲያዳምጥ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር አያለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ባቡሩ እንደማይመጣ አውቃለሁ። የሚመጣው ምን እንደሆነም የማውቅ ይመስለኛል፤ ሰዉ በየሱቁ በር ላይ ቆሞ ስለሌላ ጦርነት ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ እንኳ ትቷል። በዚህ መሃል ስለ ሠላሳ ዓመት መጻፍ ያስቀኝ ነበር፣ አንዳንዴም ያናድደኛል።

አሁን ወደ አከራዬ ልምጣ። እዚህ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ አደይ ናት፣ እናቴ ማለት ነው፤ እኔም ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ወደ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። በወጣትነታቸው ወልድያ እየተመላለሱ እህል ይነግዱ ስለነበር አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ያሾፋል፣ ሲናደዱ ወደ ትግርኛ ይሻገራል። እሳቸው በዐቢይ ጾም እኔ በረመዳን ስንገጣጠም «ይኸ ግቢ ድስት የማይጣድበት ግቢ ሆነ» ብለው ይስቃሉ። ባላቸው ድሮ ሞተዋል። የቀሯቸው ሴት ልጃቸውና ትንሹ ልጃቸው ነበሩ። ትንሹ ጦርነቱ ውስጥ ገባ፣ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

መርዶ ሥርዓት አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰባስበው ይመጣሉ። የሥጋ ዘመድ አያረዳም፤ የሚያረዳው ሌላ ሰው ነው፣ እሱም ብቻውን አይመጣም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የሞቱት ስም ዝርዝር ወጣና በከተማው ሁሉ መርዶ የሚነገርበት ሰሞን መጣ። በየማለዳው ከአንዱ ግቢ ጩኸት ይነሳል፣ ሳያባራ ከሌላው ይቀጥላል። አደይ በዚያ ሰሞን ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ የግቢውን በር ከውስጥ ቀርቅረው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሰው ኮቴ ያዳምጡ ነበር። ኮቴው አልፎ ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ «ተመስገን» ይላሉ፤ ወዲያው በሰው ሐዘን ማመስገናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ይመታሉ። በመስኮቴ አያቸው ነበር። ወጥቼ አጠገባቸው ልቀመጥ ባስብም አልደፈርሁም።

እኛ ግቢ ማንም አልመጣም። ሰሞኑ አለፈ፣ ድንኳኖቹ ፈረሱ። አደይ በሩን ከፈቱት፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም። «ስሙ ካልተጠራ አለ ማለት ነው» አሉኝ። እኔም «አለ እንጂ አደይ፣ ሱዳን ይሆናል፣ ወይ አንድ ቦታ ታስሮ ይሆናል» እላቸዋለሁ። እያልሁ እያልሁ ራሴም ያመንሁት መሰለኝ። በሕይወቴ የቀረችኝ አንዲት ተስፋ ብትኖር የሰው ልጅ ተስፋ ነበረች፣ የእኔ እንኳ አይደለችም።

አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ነይ እስቲ ጓለይ፣ ልጄ። ያ የወደፊት ነገራችሁ፣ ሰው ታስገባላችሁ አሉ፣ ሓቂ ነው?»

«እውነት ነው አደይ፤ ጨዋታ ነው እንጂ።»

«ጨዋታም ይሁን። ልጄን ወደፊት አስገቢልኝ።»

ከአጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ምስሩን አብሬ መልቀም ጀመርሁ። እሳቸው ቀጠሉ።

«እኔ በዚያ ጊዜ መቶ ልሞላ ነው፤ እኔን ብትተይኝም ግድ የለኝም። እሱን ግን በበሩ አስገቢው። በሕልም እንዳታመጪው፣ ደብዳቤም እንዳታስልኪው። በእግሩ፣ በዚያች በር።» ወደ በሩ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ለልጃቸው ነገርኋት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አንዱን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቆየችና «እሺ፣ ጻፊው» አለች። አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ስለደከማት መሰለኝ።

ያን ጽሑፍ እንደሌሎቹ አልጻፍሁትም። እንደሌሎቹ ቢሆን አንድ ቀን ጽፌ አንድ ቀን አርሜ እሰጥ ነበር። ይኸኛውን ደጋግሜ ጻፍሁት፣ በቃሌ እስክይዘው። ተራኪዋ ልጅቷ ራሷ ናት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፤ ስለ ግቢው፣ ስለ ሎሚው ዛፍ፣ ብረት መቁረጡን ስላቆመው ወርክሾፕ ታወራለች፤ መሃል ላይ ወንድሟ በበሩ ይገባል፤ ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ወደ መንገድ ይወጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍሁት ነገር እንዲሆን ፈለግሁ። በጣም ፈለግሁ። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ሞኝነት ውስጥ ይገባል።

የተቀዳ ዕለት እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርሁም። ወርክሾፑ አስቸኳይ ሥራ ይዞ ምሳ ሰዓቱን ሊሠራበት ስለነበር፣ ሠራተኞቹን ለግማሽ ሰዓት እንዲያቆሙልን ልለምን ሄድሁ። አማርኛዬን ሰምቶ አንዱ የወሎን ቁልምጫ አስመስሎ «ወልፊዬ፣ ለወደፊት ስትሉ የዛሬውን ልታስቆሙን?» ብሎ አሾፈብኝ፤ ሻይ ጋበዝኋቸውና አብሬያቸው ተቀምጬ ጠበቅሁ። ስመለስ አልቋል። ልጅቷ ከብርድ ልብሱ ወጥታ ፊቷን እየታጠበች ነበር። ድምፅ ቀጂው «በአንድ ጊዜ ነው የጨረሰችው፣ አልደገመችም» አለኝ። እሱ የሚሠራው በጆሮ ነው፤ ጽሑፉን አይቶት አያውቅም።

ለማድመጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አደይ ሳሎን ተሰበሰብን። እሳቸው ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ሕምባሻ ቆርሰው፣ ለስላሳ ደርድረው፣ የጎረቤት ሴቶችን «ልጄ የሚገባበት ነው» ብለው ጠርተዋል። ሴቶቹም ገብቷቸዋል፤ ሁሉም ደህና ልብስ ለብሰው መጥተዋል። ድምፅ ቀጂው ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያደርግ አደይ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። ልጃቸው በሩ አጠገብ ቆመች።

ድምፅዋ ጀመረ። ትግርኛው ያምራል። ስለ ሎሚው ስትናገር ሴቶቹ ሳቁ። ስለ ወርክሾፑ ስትናገር የበለጠ ሳቁ። አደይ በዚያ ዘመን በሕይወት መኖራቸውን፣ በከዘራ ግቢውን እየዞሩ ሁሉን ሰው ሲቆጡ ሲሰሙ «ሓቂ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። እኔ ቃሉን በውስጤ እየቀደምሁ ነበር፦ አሁን ዝም ትላለች፣ አሁን በሩ ይከፈታል። ዝም አለች። ከዚያ «ወደ መንገድ ወጣን» አለች ድምፅዋ። «እኔና እናቴ።»

በመጀመሪያ መስሎኝ ነው አልሁ። የቅጂ ስህተት ይሆናል፣ ተቆርጦ ይሆናል ብዬ ድምፅ ቀጂውን አየሁት፤ ቀኝ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዙሮ ፈገግ ብሏል፣ በሥራው ደስ ብሎታል። ልጅቷን አየሁ። ወለሉን ታያለች። ያን ጊዜ ራሷ እንዳላነበበችው ገባኝ።

አደይ እስከ መጨረሻው ጠበቁ። ድምፁ መንገዱን፣ ሰዉን፣ የመብራቱን ብዛት አወራና አለቀ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ አደይ» አለ ድምፅ ቀጂው።

«ድገመው እስቲ ወደይ፣ የኔ ልጅ።»

ደገመው። በሁለተኛው ጊዜ ማንም አልሳቀም። ሎሚው መጣ፣ ወርክሾፑ መጣ፣ ዝምታው መጣ። «እኔና እናቴ» ሲል አደይ እጃቸውን አንስተው «ይበቃል» አሉ፤ ድምፅ ቀጂው አጠፋው። ወደ ልጃቸው ዞሩ። በትግርኛ ነበር ያወሩት፤ እኔ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

«ማን ነገረሽ?» አሏት።

እንዴት ሳታስገቢው ቀረሽ አላሉም። ረሳሽው ወይ አላሉም። ልጅቷ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች።

«አብሮት የነበረ ልጅ። መድኃኒት ሊገዛ ገብቶ፣ ፊቴን አይቶ እህቱ ነሽ ወይ አለኝ።»

«መቼ?»

«ከመርዶው ሰሞን በኋላ።»

«አፈር ለብሷል?»

«እሱ ነው ያለበሰው። ወንዝ አጠገብ ነው አለኝ። የቦታውን ስም አያውቀውም።»

አንዷ ጎረቤት ማልቀስ ጀመረች፤ አደይ በእጃቸው ከለከሏት። ገና አልጨረሱም ነበር።

«ዓመት ሙሉ?»

«ሽማግሌዎቹ ጋ ሄጄ ነበር እማ። ስሙ ሳይጠራ እንዴት እናረዳለን አሉኝ። ቄሱም እንደዚያው አሉ። እኔ ደግሞ እህቱ ነኝ። እህት ለእናቷ ታረዳለች? ማን ሆኜ ልንገርሽ?» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ባስገባው ደግሞ ሁልጊዜ በሩን ከፍተሽ ልትኖሪ ነው። አፌ እምቢ አለኝ። ልለው ነበር፣ እምቢ አለኝ።»

አደይ ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ «ከሠላሳ ዓመት በኋላ የምትኖር ሌላ ሴት ሆነሽ መጥተሽ አረዳሽኝ» አሉ፣ ያለ ቁጣ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ አዘቅዝቀው ለበሱት። የተሠሩትን ፀጉር በሁለት እጃቸው መፍታት ሲጀምሩ ሴቶቹ ተነሱና ጩኸቱ ተነሳ። ልጅቷ ከበሩ ሥር ቁጭ አለች። እናትየዋ እያለቀሱ ሄደው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡና ራሷን ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ብቻሽን፣ ብቻሽን» ይሏት ነበር። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ይህን ነው፤ ለልጃቸው ከማልቀሳቸው በፊት ለሷ አለቀሱላት።

ድንኳን ተተከለ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በወጉ ተሰብስበው መጡ፣ የተረዳ ሰው ሊያረዱ። ያን ጊዜ ልሳደብ ፈልጌ ነበር፤ እንግዳ ነኝ፣ ወሎዬ ነኝ፣ ዋጥሁት። አሁን ሳስበው እነሱም የያዙት ያንን ሥርዓት ብቻ ነው። ሌላ ምን ይዘው ይምጡ?

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞረ፤ ሲዞርም ተለወጠ። አስገቡልኝዎቹ ያውቃሉ ተባለ። ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የሚያውቁ ሰዎች አሏቸው፣ በቀጥታ መናገር ስለማይችሉ በድምፅ ውስጥ ይነግራሉ ተባለ። ሰዎች በሚሞሪ ካርድ የያዟቸውን የድሮ ቅጂዎች እየደጋገሙ ማዳመጥ ጀመሩ፤ ማን ቀረ፣ ማን ተጠራ እያሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከቁሓ አንዲት ሴት መጣች፣ የልጇን ፎቶ በላስቲክ ጠቅልላ። አስገቡልኝ አላለችም። «የሚቀጥለው ላይ አለበት ወይስ የለበትም? እሱን ብቻ ንገሩኝ፣ አልጮህም» አለች። ምንም እንደማናውቅ፣ ሁሉን ከራሴ እንደምፈጥረው፣ ልብ ወለድ እንደሆነ ነገርኋት። ፎቶዋን እየጠቀለለች «እንዲህ እንደምትሉ ነግረውኛል» አለችኝ። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት።

በዚያ ሳምንት ተውነው። ስብሰባ አላደረግንም። ድምፅ ቀጂው መጥቶ ጋቢውን ከገመዱ ላይ አወረደ፣ አጠፈው፣ «ቤት ውስጥ ይበርደናል» አለኝና ወሰደው። ልጅቷ ፋርማሲዋ ትውላለች፤ ማታ ከእናቷ ጋር በጊዜ ይተኛሉ። ፍራሹን ከመስኮቱ መለስሁት። ብረት ቆራጮቹ ቀኑን ሙሉ ይቆርጣሉ፣ ማንም አስቁሙ አይላቸውም።

አርባው ካለፈ በኋላ አደይ ጠሩኝ። ጥቁር ለብሰው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቀጥ ብለው። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ያ አንቺ የጻፍሽው» አሉኝ በአማርኛ፣ «ልጄ የሚገባበት። ጽፈሽው ነበር አይደል?»

«ጽፌው ነበር አደይ።»

«አለሽ?»

«ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። በቃሌ ግን አውቀዋለሁ።»

«በይ እስቲ፣ በቃልሽ በዪልኝ። እንዳለ፣ ሳትቀንሺ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ ይሆናል። አልቻልሁም። እጃቸውን ይዤ በልጃቸው አንደበት አልሁላቸው፦ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እኔ ካረጀው ሎሚ ሥር ተቀምጬ ሽበቴን ፀሐይ ሲያሞቀው፣ እናቴ ከዘራዋን ይዛ የውሃውን በርሜል ስትቆጣጠር፣ በሩ ሳይንኳኳ ይከፈታል። ወንድሜ ይገባል። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ፣ በሩ እንዳይመታው። ቦርሳውን ደጃፍ ላይ ይጥላል፣ ቲሸርቱ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ ሲሮጥ ነው የመጣው። «የሚበላ አለ?» ይላል። እናቴም ሳትዞር «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» ትለዋለች።

አደይ ሳቁ። እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «እንዲህ ነው የምለው። ማን ነገረሽ? ልክ እንዲህ ነው።» አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡ።

«ጢም አለው?» አሉኝ።

አሰብሁ። «የለውም።»

«ሚስቱስ አብራው አልመጣችም?»

«ሚስት አልጻፍሁም አደይ።»

«ልጆችም የሉትም።»

«የሉትም።»

እጃቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እኔን በከዘራ አስሄድሽኝ፤ መልካም። እህቱን አሸበትሻት። ሎሚው እንኳ አርጅቷል አልሽ። እሱ ግን እንደሄደ ነው የመጣው፣ ያ የሃያ ዓመት ልጅ።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ቁጣ የለበትም። «አንቺም ታውቂ ነበር ጓለይ።»

አላውቅም ነበር ልላቸው አፌን ከፈትሁ። የወጣኝ ግን «ጢም የለውም» የሚል ነው።